ለቤት ማገዶ የሚሆን መካከለኛ ቼይንሶው ስትገዙ ምን ምን ማየት አለባችሁ?

ቼይንሶው፣ ማለትም የሞተር መጋዝ፣ ሊገዛ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "የቱ ይሻላል?" ብሎ ነው። ከዚያ በፊት ግን የሚቆረጠውን እንጨት ማየት ይቀድማል። ግንዱ ምን ያህል ይወፍራል? በዓመት ስንት ቀን ትቆርጣላችሁ? እንጨቱ እርጥብ ነው ወይስ ደርቆ ድንጋይ የሆነ? መሬት ለመሬት ተጎትቶ አፈር የበላ ነው ወይስ ንጹሕ? እነዚህን የመለሰ ሰው የምርጫውን ግማሽ ጨርሷል። ያልመለሰ ሰው ሱቅ ሲገባ ዓይኑ ትልቁ ማሽን ላይ ያርፍና፣ ሁለት ሰዓት ይዞት መቆም የማይችለውን ነገር ተሸክሞ ይወጣል።

በዚህ ጉዳይ ላይ ጠንካራ አቋም አለኝ። ማገዶ ሲቆርጡ ከሚቸገሩ ሰዎች ብዙዎቹ የጎደላቸው የሞተር ጉልበት ሳይሆን የሰንሰለት ስለት ነው። በደንብ የተሳለ ሰንሰለት የገጠመ መካከለኛ ማሽን፣ ሰንሰለቱ የደነዘ ትልቅ ማሽንን ጥሎት ይሄዳል። ስለዚህ የምትመርጡት ማሽን ሦስት ነገር ያሟላ፦ ሳይደክማችሁ የምትይዙት፣ ራሳችሁ የምትስሉት፣ መለዋወጫውን በቅርብ የምታገኙት። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

መካከለኛ የሚባለው የትኛው ነው?

በቤንዚን የሚሠሩ ቼይንሶዎች መጠናቸው የሚለካው በሲሲ፣ ማለትም በሞተሩ ሲሊንደር ይዘት፣ ነው። ከ30 እስከ 40 ሲሲ ያሉት ትንንሾቹ ናቸው፤ ቅርንጫፍ ለመመልመልና ቀጭን እንጨት ለመቁረጥ ይሆናሉ። ወፍራም ደረቅ ግንድ ላይ ግን ከእጅ አይሻል ዶማ ናቸው። ከ60 ሲሲ በላይ ያሉት ደግሞ ቀኑን ሙሉ ዛፍ ለሚጥል ባለሙያ የተሠሩ ናቸው። ለቤት ማገዶ የሚሆነው መሐሉ ነው፦ ከ45 እስከ 55 ሲሲ፣ ቢበዛ 60።

ለምሳሌ ከስቲል ኩባንያ ኤምኤስ 250 (45.4 ሲሲ)፣ ኤምኤስ 271 (50.2 ሲሲ) እና ኤምኤስ 291 (55.5 ሲሲ) እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ከሁስክቫርና ኩባንያ 445፣ 450 እና 455 ራንቸር አሉ። ኤኮም በዚህ መጠን ጥሩ ማሽን ይሠራል፤ ማኪታም እስከ 2022 (እ.ኤ.አ.) የቤንዚን ማሽን ይሠራ ነበር። የግድ ከእነዚህ አንዱን ግዙ ማለቴ አይደለም። ሱቅ ስትገቡ የምታወዳድሩበት መነሻ ይሁናችሁ ብዬ ነው።

ሰውን የሚያደናግር አንድ ነገር አለ። ሲሲያቸው አንድ ሆኖ ዋጋቸው በጣም የሚራራቅ ማሽኖች ታያላችሁ። የስቲሉ ኤምኤስ 271 እና ኤምኤስ 261 ሁለቱም 50.2 ሲሲ ናቸው። የመጀመሪያው 2.6 ኪሎዋት ጉልበት አለው፣ 5.6 ኪሎ ይመዝናል። ሁለተኛው 3.0 ኪሎዋት አለው፣ የሚመዝነው ግን 4.9 ኪሎ ነው። ሁለተኛው የባለሙያ ማሽን ስለሆነ ነው። የባለሙያ ማሽን የሞተሩ ቤት ከማግኒዥየም የተሠራ ነው፣ ለጥገና በቀላሉ ይፈታል፣ ለብዙ ዓመት የዕለት ተዕለት ሥራም ታስቦ የተሠራ ነው። መካከለኛው ደግሞ ብዙ ቦታው ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፣ ትንሽ ይከብዳል፣ ትንሽ ይዘገያል። ልዩነቱ እውነተኛ ነው። ግን በዓመት ጥቂት ሳምንት፣ ያውም በእረፍት ቀን ብቻ ማገዶ ለሚቆርጥ ሰው ያን ሁሉ ተጨማሪ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም ባይ ነኝ። የተረፈውን ለመከላከያ ልብስና ለሁለት ትርፍ ሰንሰለት ብታውሉት የበለጠ ይጠቅማችኋል።

ስለ ባትሪ መጋዝም ጥያቄ ስለሚነሳ ባጭሩ ልበል። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ ነዳጅ መቀላቀል የለም፣ ገመድ መጎተት የለም፣ ቁልፉን ስትጫኑ ይነሳል። የምትቆርጡት ቀጭን እንጨት ከሆነና በአንድ ጊዜ ብዙ የማትቆርጡ ከሆነ አጥብቄ እመክራለሁ። ወፍራም ግንድ ክምር ላይ ግን ባትሪው ቶሎ ያልቃል፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ባትሪ መግዛት ይመጣል፣ ባትሪ ደግሞ ርካሽ አይደለም። ከዚህ በታች ያለው በዋናነት ስለ ቤንዚኑ ነው።

ክብደቱን በወረቀት ሳይሆን በእጅ

ካታሎግ ላይ የሚጻፈው ክብደት አብዛኛውን ጊዜ የሞተሩ ብቻ ነው። ባሩ፣ ማለትም ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅሙ ብረት፣ አልተቆጠረም። ሰንሰለቱም፣ ነዳጁም፣ ዘይቱም አልተቆጠሩም። ይሄ ሁሉ ሲጨመር 5.6 ኪሎ የተባለው ማሽን ሰባትን ያልፋል። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ባሩና ሰንሰለቱ ተገጥሞ ያዙት። በሁለት እጅ ይዛችሁ ወገባችሁን ጎንበስ አድርጉ፣ ጉልበት በሚያክል ከፍታ ላይ ለሁለት ደቂቃ ያህል ቁሙ፣ ወደ ጎን አዙሩት፣ መልሱት። ክንዳችሁ ቶሎ ከዛለ ያ ማሽን የእናንተ አይደለም። የደከመ እጅ ማሽኑን በደንብ አይቆጣጠርም፣ አደጋም የሚመጣው በዚህ ጊዜ ነው።

ሚዛኑንም አብራችሁ እዩ። በላይኛው እጀታ ብቻ ስታንጠለጥሉት የባሩ አፍንጫ (ጫፉ) ትንሽ ወደ ታች ዘንበል ቢል ጥሩ ነው። በጣም ከወደቀ ባሩ ለሞተሩ ረዝሟል ማለት ነው።

ባሩ ይርዘም?

አይርዘም። ለቤት ማገዶ ከ40 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ይበቃል፤ በኢንች 16 ወይም 18 መሆኑ ነው። ከባሩ የሚወፍር ግንድ ቢያጋጥማችሁ ከአንዱ ጎን ቆርጣችሁ ዞራችሁ ከሌላው ጎን ትጨርሱታላችሁ። ረጅም ባር የሚያምር ይመስላል እንጂ ዕዳው ብዙ ነው። ሞተሩ ረጅም ሰንሰለት ሲጎትት ጉልበቱ ይከፋፈላል። የምትስሉት ጥርስ ይበዛል። ከሁሉ የሚብሰው ግን፣ ጫፉ ከዓይናችሁ ይርቅና ከግንዱ ጀርባ ያለውን ሌላ እንጨት ወይም መሬቱን ሳታዩት ይነካል። መሬት የነካ ሰንሰለት ለሁለት ሰከንድም ቢሆን ስለቱን ያጣል፤ ሌላ እንጨት የነካ ጫፍ ደግሞ ማሽኑን ወደ ፊታችሁ ሊወረውረው ይችላል። ወደዚህ እመለስበታለሁ።

ሰንሰለቱ ላይ ቆም እንበል

ሻጮች ስለ ሞተር ብዙ ያወራሉ፣ ስለ ሰንሰለት ግን ዝም ይላሉ። እንጨቱን የሚቆርጠው ግን ሰንሰለቱ ነው።

እያንዳንዱ ሰንሰለት ሦስት ቁጥር አለው። አንደኛው ፒች ነው፣ ማለትም የሰንሰለቱ ማያያዣዎች ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚናገረው። በመካከለኛ ማሽን ላይ ብዙ ጊዜ 0.325 ኢንች ታገኛላችሁ፤ ትንንሾቹ ላይ ቀጭኑ 3/8፣ ትልልቆቹ ላይ ደግሞ ሙሉው 3/8 አለ። ሁለተኛው ባሩ ቦይ ውስጥ የሚገባው የታችኛው ጥርስ ውፍረት ነው፦ 1.3፣ 1.5 ወይም 1.6 ሚሊ ሜትር። ሦስተኛው የእነዚህ የታችኛ ጥርሶች ብዛት ነው። ሦስቱም ካልገጠሙ ሰንሰለቱ አይገጥምም። ፒቹ አንድ ሆኖ እንኳ ስቲል ብዙ ጊዜ 1.6፣ ሁስክቫርና 1.3 ወይም 1.5 ይጠቀማሉ፤ ስለዚህ ከጎረቤት የተዋሳችሁት ሰንሰለት እናንተ ባር ላይ አልገባም ቢላችሁ ወይም ገብቶ ቢወዛወዝ ምክንያቱ ይሄ ነው። ቁጥሮቹን አብዛኛውን ጊዜ ባሩ ጎን ላይ፣ ሞተሩ አጠገብ ታትመው ታገኟቸዋላችሁ። ከመግዛታችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሷቸው።

ቀጥሎ የቆራጩ ጥርስ ቅርጽ አለ። ማዕዘኑ ሹል የሆነው ፉል ቺዝል ይባላል። ንጹሕ እንጨት ላይ ፈጣን ነው፣ ግን ትንሽ አፈር ከነካ ወዲያው ይደነዝዛል። ማዕዘኑ ዞር ያለው ሰሚ ቺዝል ነው። ትንሽ ይዘገያል፣ ስለቱን ግን ቶሎ አይለቅም፣ ደረቅና አቧራማ እንጨትም ይችላል። የማገዶ እንጨት ሁልጊዜ ማለት ይቻላል መሬት ላይ የተጎተተ፣ ልጣጩ ውስጥ አሸዋ የያዘ ነው። ደረቅ ባሕር ዛፍማ ንጹሑም ሰንሰለት ይፈትናል። ስለዚህ ለማገዶ ሰሚ ቺዝል ግዙ። ማሽኑ ሌላ ሰንሰለት ይዞ ከመጣ ያንን ጨርሳችሁ ቀጣዩን ቀይሩ።

እዚህ ላይ አንድ ደስ የሚል ታሪክ ልጨምር። ዛሬ የምንጠቀምበት የሰንሰለት ጥርስ የመጣው ከትል ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 ጆ ኮክስ የሚባል አሜሪካዊ እንጨት ቆራጭ ጉቶ ውስጥ የምትኖር የጥንዚዛ እጭ እንጨቱን በቃጫውም፣ ከቃጫው በተቃራኒም ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያለች ስትበላ አስተዋለ። የመንጋጋዋን ቅርጽ በብረት ሠራው። በፊት የነበረው የሰንሰለት ጥርስ የእጅ መጋዝ ጥርስ ዓይነት ነበርና እንጨቱን ይቧጭር ነበር፤ አዲሱ ግን እየላጠ የሚያነሳ ሆነ። አንድ ጥርስ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ የዞረው ለዚህ ነው። ይህን ያወቀ ሰው ስለትን ቀለል አድርጎ አያየውም፤ ከደነዘዘ ሰንሰለቱ መላጡን ትቶ መፈተግ ብቻ ይሆናል።

መደነዙን ለማወቅ የሚወጣውን ሰጋቱራ ተመልከቱ። ስል ሰንሰለት የሚያወጣው ሻካራ፣ ጣት የሚይዘው ቁርጥራጭ ነው። እንደ ዱቄት የላመ ከሆነ ሰንሰለቱ ደንዝዟል። ማሽኑን ካልተጫናችሁት አልቆርጥ ካለ፣ ወይም ቀጥ ብሎ መሄድ ትቶ ወደ አንድ ጎን ከዞረም እንደዚያው። ያን ጊዜ ጉልበት አትጨምሩ፤ አቁሙና ሳሉ።

መሳሉ ከባድ አይደለም፣ ግን ሞረዱ ልክ መሆን አለበት። ለ0.325 ሰንሰለት 4.8 ሚሊ ሜትር ክብ ሞረድ፣ ለሙሉው 3/8 ደግሞ 5.2፣ ለቀጭኑ 3/8 4 ሚሊ ሜትር። ብዙ ጥርሶች ላይ ከላይ የተሠራች አንዲት ቀጭን ሰረዝ አለች፣ የሞረዱን አቅጣጫ የምታሳይ ናት፤ አብዛኛውን ጊዜ ወደ 30 ዲግሪ ነው። ሞረዱን ከውስጥ ወደ ውጭ ብቻ ግፉት፣ ስትመልሱት አንሱት። ለእያንዳንዱ ጥርስ ሦስት አራት ግፊት፣ ሁሉም ላይ እኩል። አንዱን ጎን ጨርሱና ዞራችሁ ሌላውን ሳሉ። አንድ ጥርስ ከሌሎቹ አጥሮ ከቀረ ሌሎቹንም ወደ እሱ አውርዷቸው፤ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር ከሆነ ማሽኑ ይንቀጠቀጣል።

ብዙ ሰው የሚረሳት ነገር ከጥርሱ ፊት ያለችው ጉብታ ናት። ጥርሱ ምን ያህል ጠልቆ እንደሚላጥ የምትወስነው እሷ ናት። ጥርሱ በተሳለ ቁጥር ዝቅ ስለሚል ጉብታዋ እኩል ትሆንና ሰንሰለቱ ስል ሆኖ እንኳ አልቆርጥ ይላል። ከጥርሱ ጫፍ ወደ 0.65 ሚሊ ሜትር ዝቅ እንድትል በጠፍጣፋ ሞረድ አውርዷት። የሚለካ ትንሽ ብረት ርካሽ ነው፤ ከሞረዱ ጋር ግዙት። ከልክ በላይ ማውረድ ግን አደገኛ ነው፣ ሰንሰለቱ እንጨቱን እየነከሰ ማሽኑን ይስባል።

ሞተሩን በሚመለከት

ጸረ ንዝረቱን እዩ። የተሻሉት ማሽኖች እጀታው ከሞተሩ የሚለየው በብረት ሞላ ነው፣ ሌሎቹ በጎማ ነው። እጃችሁን ጫን አድርጋችሁ እጀታውን ስትገፉት ትንሽ ይንቀሳቀስ። ከሞተሩ ጋር የተጣበቀ ያህል ከሆነ ከሰዓት በኋላ ጣታችሁ ይደነዝዛል። ንዝረት ለረጅም ጊዜ ሲደጋገም የጣትን ደም ዝውውርና ስሜት ይጎዳል፤ ስለዚህ ይህ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

የአየር ማጣሪያውን ክፈቱት። ያለ መሣሪያ፣ በእጅ ብቻ የሚከፈት ይሁን። ማሽኑን ሱቅ ውስጥ ራሳችሁ ክፈቱና ፊልትሮውን አውጡት፣ መልሱት። አንድ ደቂቃ ከፈጀባችሁ ሜዳ ላይ አቧራ ሲሞላው አታጸዱትም፣ ማሽኑም ይታፈናል። አንዳንዶቹ አቧራውን ከፊልትሮው በፊት በአዙሪት የሚያወጣ ዘዴ አላቸው፤ ያ በእውነት ይጠቅማል።

ስለ መነሻው፦ ገመዱ ለስለስ እያለ የሚጎተት በሞላ የታገዘ ሞዴል አለ፣ እጃቸው ለደከመ ሰዎች ጥሩ ነው። ካርቡሬተሩን (ነዳጅና አየር የሚቀላቅለውን ክፍል) ራሱ የሚያስተካክል ኤሌክትሮኒክም አለ። ለቤት ማገዶ የግድ አይደለም፤ ሲበላሽም ሰፈር ያለ መካኒክ አይነካውም።

የሰንሰለት ማጥበቂያው ብሎን ጎን ላይ መሆኑን አረጋግጡ። ፊት ለፊት፣ በሰንሰለቱ ጥርስ አጠገብ ከሆነ ጣታችሁን ይቧጭራል። ያለ ቁልፍ በእጅ የሚጠብቀው ዓይነት መጀመሪያ ያምራል፣ ሰጋቱራ ሲገባበት ግን እምቢ ይላል። እኔ የተለመደውን ሁለት ዳዶ እመርጣለሁ።

ነዳጁን ቀላቅላችሁ ነው የምትሞሉት። ዘመናዊዎቹ በአብዛኛው 50 ለ 1 ነው የሚፈልጉት፦ ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር የሁለት ምት ሞተር ዘይት። የመኪና ዘይት አይሆንም። ደረቅ ቤንዚን ብቻ ከሞላችሁማ ፒስተኑ በደቂቃዎች ውስጥ ሊነክስ፣ ማለትም ተጣብቆ ሊቀር፣ ይችላል። የተቀላቀለ ነዳጅ ከወር በላይ አታስቀምጡ፣ የምትጨርሱትን ያህል ብቻ ቀላቅሉ። ማመሳከሪያው ግን ሁልጊዜ የማሽኑ መጽሐፍ ነው።

የሰንሰለት ዘይቱ ደግሞ ሌላ ነው፤ የሚጣበቅ፣ ከሰንሰለቱ ላይ በቀላሉ የማይበተን ዓይነት። ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት አታድርጉበት፣ የብረት ብናኝ አለው፣ ቆዳችሁ ላይም ይረጫል። ዘይቱ እየፈሰሰ መሆኑን ለማወቅ ማሽኑን አስነስታችሁ የባሩን ጫፍ አንድ ነጣ ያለ ጉቶ አጠገብ ሳይነካው ያዙና ጋዝ ስጡት። ጉቶው ላይ ቀጭን የዘይት መስመር ከታየ ይሠራል። ካልታየ አትቁረጡ።

ፍሬን፣ ጓንት፣ ሱሪ

ሳይደራደሩ የሚገዛው ይሄ ነው። ከፊት እጀታው በፊት ያለው ትልቅ ጋሻ የሰንሰለቱ ፍሬን ነው። ወደ ፊት ሲገፋ ሰንሰለቱ ወዲያው ይቆማል። ጥሩ ማሽን ላይ እጅ ባይነካውም በማሽኑ ድንገተኛ እንቅስቃሴ ብቻ ራሱ ይይዛል። አስፈላጊነቱ እንዲህ ነው፦ የባሩ አፍንጫ የላይኛው ሩብ ማንኛውንም ጠንካራ ነገር ከነካ ሰንሰለቱ ይያዝና ማሽኑ በቅጽበት ወደ ላይና ወደ ሰው ይወረወራል። እጅ ቀድሞ አያስቆመውም። ስለዚህ ጫፉን ከሌላ እንጨት አርቁት፣ በጫፉ አትቁረጡ፣ ሁለት እጃችሁ ሁልጊዜ ማሽኑ ላይ ይሁን፣ የግራ አውራ ጣታችሁም ከፊት እጀታው ስር ተጠምጥማ ትያዝ። ከትከሻ በላይም አትቁረጡ።

ከፍሬኑ በተጨማሪ፣ ከተበጠሰ ሰንሰለት የሚከላከለው መያዣ ከታች መኖሩን፣ የጋዝ መቆለፊያው መሥራቱን፣ የኋላ እጀታው ሰፊ መሆኑን እዩ። አንዳንድ ርካሽ ማሽን ላይ ጋሻው ጌጥ ሆኖ የተሰካ ይመስላል። በእጅ ስትገፉት ጠንከር ያለ ድምፅ ካላሰማ ወይም ሞተሩ ሲሠራ ሰንሰለቱን ካላስቆመ አትግዙ።

የመከላከያ ሱሪውን ከማሽኑ ጋር አንድ ላይ አስቡት። ሱሪው ውስጥ ረጃጅም ቃጫዎች አሉ፣ ሰንሰለቱ ሲነካቸው ይመዘዙና ፒኞኑ (ሰንሰለቱን የሚያዞረው ባለ ጥርስ መዘውር) ውስጥ ተጠምጥመው ያስቆሙታል። ደረጃ 1 የሚባለው ሱሪ በሰከንድ 20 ሜትር ለሚሮጥ ሰንሰለት የተፈተነ ነው። ጆሮ መሸፈኛና መነጽርም ያስፈልጋል፤ የቼይንሶው ድምፅ ከ100 ዴሲቤል በላይ ነው፣ ጆሮ ደግሞ ከ85 ጀምሮ ይጎዳል። ጫማው ጣት ላይ ብረት ያለው ይሁን። ሞተሩንም ቤት ውስጥ ወይም ታፍኖ በተዘጋ ቦታ አታስነሱ፣ ጭሱ ይገድላል።

መለዋወጫና ሐሰተኛ ማሽን

እጅግ ጥሩ ሞዴል መርጣችሁ መለዋወጫው ካልተገኘ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩን እነዚህን ጠይቁት፦ ሰንሰለቱ አለ? ፊልትሮው አለ? ካንዴላው፣ የመነሻ ገመዱና ሞላው፣ የፍሪሲዮን (የሞተሩን ጉልበት ወደ ሰንሰለቱ የሚያስተላልፈው ክፍል) መለዋወጫ አለ? ጥገና የሚሠራ ሰው አለ? "ይመጣል" የሚል መልስ ከተሰጣችሁ ሌላ ሱቅ ሂዱ። ትንሽ የሚያንስ ሞዴል መለዋወጫው ካለ፣ መለዋወጫ ከሌለው ታዋቂ ማሽን ይበልጣል።

ሐሰተኛም በብዛት አለ፤ የታወቀ ማሽን ቀለምና ቅርጽ ተመስሎ ይሠራል። አንዱ ፈጣን ማጣሪያ ጉልበቱ ነው። 50 ሲሲ ማሽን በተለምዶ ከ2.4 እስከ 3 ኪሎዋት ነው የሚያወጣው። ካርቶኑ ላይ "50 ሲሲ፣ 5 ኪሎዋት" ተብሎ ከተጻፈ ወረቀቱ ዋሽቷል፣ ማሽኑንም አትመኑ። የመለያ ቁጥሩ ሞተሩ ላይ የታተመ ይሁን፣ ዋስትናው በጽሑፍ ይሁን።

ያገለገለ ከሆነ

ያገለገለ መካከለኛ ማሽን ጥሩ ግዢ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ሞተሩን በእጅ ዳስሱት። ሻጩ ከመድረሳችሁ በፊት አሙቆ ካቆየው ቀዝቅዞ ሲነሳ የሚያሳየውን ችግር እየደበቀ ሊሆን ይችላል፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። ከዚያ ማሽኑን በመነሻው ገመድ እጀታ አንጠልጥሉት። ኮምፕሬሽኑ (ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው የአየር ግፊት) ጤነኛ ከሆነ ቀስ እያለ፣ በየመሐሉ እየተያዘ ይወርዳል። ሽው ብሎ ከወረደ ፒስተንና ሲሊንደሩ አልቋል።

ከቻላችሁ የማርሚታውን፣ ማለትም የድምፅ ማፈኛውን፣ ብሎኖች ፈትታችሁ በባትሪ ብርሃን ፒስተኑን በጭስ መውጫው በኩል እዩት። ለስላሳ፣ አንድ ወጥ ብረት መሆን አለበት። ከላይ ወደ ታች የተጫረ መስመር ካለ ያለ ዘይት ሠርቷል ማለት ነው፤ ተዉት። አስነስታችሁ በሚኒሞ (ጋዝ ሳይሰጠው) ሲያጉረመርም ሰንሰለቱ መቆም አለበት። ቀስ እያለ የሚዞር ከሆነ ምናልባት ማስተካከል ብቻ ነው የሚፈልገው፣ ካልሆነም የፍሪሲዮኑ ሞላ ደክሟል። ፒኞኑ ላይ ሰንሰለቱ የቆፈረው ጉድጓድ ግማሽ ሚሊ ሜትር ከሞላ መቀየር አለበት፤ ያን ዋጋ ከሂሳቡ ቀንሱ። የባሩ ሁለት ጠርዝ እኩል ይሁን። ባሩ ጎን ለጎን ሲወዛወዝ ወይም አፍንጫው ላይ ያለው መዞሪያ ሲደርቅ ባር መግዛት እንዳለባችሁ እወቁ።

ማሽኑ ቤት ሲገባ

መጀመሪያ ሰንሰለቱን አጥብቁ። አዲስ ሰንሰለት በመጀመሪያዎቹ ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ይረዝማል፤ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ቆም እያላችሁ ፈትሹት፣ ግን ሲቀዘቅዝ እንጂ ትኩስ እያለ አታጥብቁት። ትኩሱን ካጠበቃችሁት ሲቀዘቅዝ ያጥርና ባሩንና ኩሽኔታውን ያጨናንቃል። በትክክል የጠበቀ ሰንሰለት ከባሩ ስር ተጣብቆ ይቀመጣል፣ በጓንት ስትጎትቱት ግን በእጅ ይዞራል። መጀመሪያ የሞላችሁትን ነዳጅ እስክትጨርሱ ሞተሩን ያለ ሥራ ባዶውን አታስጮሁት።

ግንዱን መሬት ላይ አስቀምጣችሁ አትቁረጡ። ሁለት የእንጨት መቆሚያ ሠርታችሁ ከፍ አድርጉት፣ ወገባችሁም ሰንሰለታችሁም ይጠቀማሉ። ማገዶውን ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ቁረጡት፣ ምድጃችሁ የሚያስገባውን ያህል፣ ከዚያ ፍለጡት፤ የተፈለጠ እንጨት በጣም ቶሎ ይደርቃል። ነዳጅ ስትሞሉ ሞተሩ ይጥፋ፣ ሞልታችሁም ከሞላችሁበት ቦታ ወደ ሦስት ሜትር ራቅ ብላችሁ አስነሱት። ለወራት ልታስቀምጡት ከሆነ ነዳጁን አውጡና ሞተሩ ራሱ እስኪጠፋ ድረስ አስነስታችሁ ተዉት፤ ካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረ አሮጌ ቤንዚን ሲደርቅ ቀጫጭኖቹን ቀዳዳዎች ይደፍናል። ሰንሰለቱን በሳላችሁ ቁጥር ባሩንም ገልብጣችሁ ግጠሙት፣ ሁለቱም ጠርዝ እኩል እንዲያልቅ፣ ስትገለብጡትም ቦዩን በቀጭን ብረት ጥረጉት።